አያ ደሴን የገደልኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ የልጅ ልጅ ደብተር ልገዛ እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ካለች የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገባሁ። ባለ ሱቋ የተገነጠለ መጽሐፍ በኮላ እየለጠፈች ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ የመጣሁበትን ረሳሁት። "እማማ፣ ባለ ስንት ገጽ ልስጥዎት?" ትለኛለች፣ እኔ ደርቄ ቆሜያለሁ። ዕድሜውን በትምህርት ቤት ላይብረሪ የጨረሰ ሰው ኮላ ሲሸተው የማይመጣበት ነገር የለም። ሰው ሲያረጅ ደግ ደጉ ነው ትዝ የሚለው ይላሉ፤ ወሬ ነው። እኔን ትዝ ያለኝ የገደልኩት ሰው ነው። አትደንግጡ፣ ፖሊስ የሚጠይቀኝ ዓይነት አይደለም፤ ጨዋታ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ቢሆንም ገድዬዋለሁ፣ ያውም በውሸት። ደብተሩን በማግስቱ ተመልሼ ገዛሁት።

ጊዜው ባጃጅ ለእንጅባራ ብርቅ የነበረበት ነው። በሁለት ብር ከመናኸሪያ እስከ ትምህርት ቤታችን በር ያደርሱን ነበር፣ እኛም ሁለት ብር በዛ ብለን እንነታረክ ነበር። ዛሬ የሚሉኝን ዋጋ ስሰማ እግሬ ይባረክ ብዬ በእግሬ እሄዳለሁ። የዳንግላ ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ዳንግላ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል፣ ገብታችሁ ስትቆጥሩ የጎደለው ሰባት ነው። ገበሬው ጤፍና ገብሱን እየተወ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ መትከል የጀመረበትም ያኔ ነው፤ ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በአስፋልቱ ዳርና ዳር ተደርድሮ ይውላል፣ የከተማው ልብስ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ወንዶቹ ወጣት አስተማሪዎች እግራቸው ላይ የተጣበቀ ሱሪ ለብሰው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ጎንበስ ማለት ያቅታቸው ነበር፤ ሴቶቹ ለብርዱ ሲሉ ነጠላ ጫማ በካልሲ ያደርጋሉ፣ ማንም አይስቅባቸውም። ሙዚቃ ቤቶቹ አንድ ዘፈን ነበራቸው፣ ስልክ ስለማታነሳ ልጅ የሚያለቅስ፤ ከጠዋት እስከ ማታ እሱን ነው። ስልክ እንኳ የማይነሳው በፍቅር አልነበረም፣ ኔትወርክ ስለሌለ ነው። በኛ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው የላይብረሪዬ ሦስተኛ መስኮት ጋ ብቻ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ "ሃሎ! ሃሎ!" ሲል አንባቢ ተማሪ በሳቅ ይሞታል። እኔ "ዝምታ!" ብዬ ጠረጴዛ እደበድብ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ላይብረሪው ለተማሪ ዝግ ነው፣ ለኛ ግን ክፍት ነበር። ጨዋታውን ያመጣው ምናለ የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሸሚዙ አንድ ቀን ሱሪው ውስጥ ገብቶ የማያውቅ። ዩኒቨርሲቲ እያለ የዶርም ጓደኞቹ ከኢንተርኔት አውርደው ይጫወቱት ነበር አለን። ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፣ በዚያ ሰው እጅ ይሠራሉ። ተራኪው "ወንዝ ደረሳችሁ፣ ውሃው ሞልቷል" ይላል። እነሱ እንዴት እንደሚሻገሩ ይናገራሉ። መሻገር አለመሻገራቸውን ዕጣ ይፈርዳል። እሱ ያየው ጨዋታ ብዙ ጎን ያለው ዳይስ፣ እየጣሉ ቁጥር የሚያነቡበት፣ ነበረው፤ እኛ እሱን ከየት እናምጣ? የንብረት ክፍሉ ጋሽ ፈንታ ቀርቀሃ ሰነጠቀና ሃያ ስንጥር አለሰለሰልን፣ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍንባቸው፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተትናቸው። ሃያ የወጣለት ተገላገለ፣ አንድ የወጣለት አለቀለት። ተራኪነቱን ለኔ ሰጡኝ። "እትዬ ውዴ፣ እርስዎ አፍዎ ያውቅበታል" ብሎ ምናለ ሾመኝ። ዕጣውን የማወጣውም የማነበውም እኔ ነበርኩ። እስቲ ልይ የሚል አልነበረም፤ ነውር ነበር።

የምተርከው አገር የኛው አገር ነው፣ ከዳንግላ እስከ ቆላው ድረስ የሚወርድ የነጋዴዎች ጉዞ። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ ጋሪም አለ፣ ጋኔንም አለ። የምናለ ሰው ድግምት የሚያውቅ ደብተራ ነበር፣ በየመንደሩ ዕዳ የሚገባ። ጋሽ ፈንታ የአዊ ገበሬ ልጅ ነው፣ እቤቱ ፈረስ ያለው፣ ፈረሱን በአዊኛ የሚያነጋግር፤ እንግዲህ የሱ ሰው ምን ይሆናል? ፈረሰኛ ሆነ። ስለ ፈረስ አንዲት ነገር ብሳሳት "ኧረ እትዬ ውዴ፣ ፈረስ እንዲህ አይጠጣም" ብሎ ትረካዬን ያቋርጠኛል። ሦስተኛዋ ተጫዋች ታንጉት ነበረች። የሷ ሰው አያ ደሴ ነው።

ታንጉት የዳንግላ ልጅ ናት። ሒሳብ ልታስተምር እኛ ጋ ተመድባ መጣችና ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ተከራየች። እኔ አልወለድኩም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። ከመጣች በሁለተኛው ወር ቤት ኪራይ መቀበሌን ተውኩ፣ በአራተኛው ወር ማዕዳችን አንድ ሆነ። ብርድ የማትችል፣ ድንች የማትወድ፣ እንጅባራ ላይ ምን ልትበላ ነው ብዬ የምስቅባት። የተማሪ ፈተና ስታርም እግሯን የኔ ጋቢ ውስጥ ትከታለች። ሰው "ልጅሽ ናት?" ሲለኝ "አይ" ለማለት ቀስ እል ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ስለ አባቷ የነገረችኝ በመጀመሪያው ክረምት ነው። አባቷ ደሴ ዳንግላ ላይ የጋሪ ነጂ ነበር፤ ቦራ በሚባል ፈረስ ሰውም እህልም እያመላለሰ ነው ያስተማራት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች፣ ልክ ፈተና ሊጀመር ሲል ሞተ። ዘመድ ተሰበሰበና እንደ አገሩ ወግ "ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ፣ መርዶ አይነገራት" ተባለ። ስትደውል "አባትሽ ገበያ ሄዷል"፣ ስትደውል "ፈረሱን ሊያጠጣ ወርዷል"። ፈተናዋን ጨርሳ፣ ከኪስ ገንዘቧ አጠራቅማ የገዛችለትን ቡናማ ባርኔጣ ይዛ ዳንግላ ወረደች። እናቷን ጥቁር ለብሳ አገኘቻት። ከተቀበረ ሰላሳ ስምንት ቀኑ ነበር። አጎቶቿ ከበው "ላንቺው ብለን ነው ልጄ" አሏት። "እትዬ፣ ጎረቤት ሸኘው፣ እድርተኛ ሸኘው፣ የጋሪ ነጂ ሁሉ ሸኘው፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሸኘሁት" አለችኝ። ይህን የነገረችው ለኔ ብቻ ነው። ምናለና ጋሽ ፈንታ አያ ደሴ የተፈጠረ ሰው ይመስላቸው ነበር።

እንግዲህ ጨዋታው ላይ "ሰውሽ ማን ነው?" ስትባል "ባለ ጋሪ ነው፣ አያ ደሴ ይባላል፣ ፈረሱ ቦራ ነው" ስትል ሚስጥሯ እንዳይታወቅ ዓይኔን ሰበርኩላት። ስትጫወተው ልጅቷ አትገኝም። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ድምጿን ታወርዳለች፣ ምንም ዓይነት መከራ ቢመጣ "እስቲ መጀመሪያ ፈረሱ ይተንፍስ" ትላለች። ሽፍታ ከቧቸው ምናለ "ኧረ አያ ደሴ፣ እንሩጥ!" ብሎ ሲጮህ "እስቲ ፈረሱ ይተንፍስ"። ጋሽ ፈንታ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። "እንዲህ ያለ ሽማግሌ አውቃለሁ እኮ" ይላል። እሷም አብራ ትስቃለች፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ደስ ብሏት። ከሳምንቱ ሁሉ ያንን ሰዓት ነበር የምትጠብቀው።

አንድ ሕግ ነበረን። መጀመሪያ ላይ አብሮን ይጫወት የነበረ አንድ የጤና መኮንን ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የፈጠረውን ሰው ምን እናድርገው ተባለ። ሌላ ሰው ይጫወተው? አይሆንም፣ የሰው ሰው ነው። እንግደለው? ግፍ ነው። መጨረሻ ላይ ጋሽ ፈንታ "የሚሄድ ሰው ሰውየውን በራሱ አፍ ይሸኝ፤ የት እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚቀበለው ይንገረን፣ ከዚያ ማንም አይንካው" አለ። ባለቤቱ በቀረበት ቅዳሜም ሰውየው ከጋሪው ጋር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ አደጋ አይገባበትም። ጥሩ ሕግ ነበር። የጤና መኮንኑ ሰውየውን ቆላ ወርዶ ንብ አናቢ አደረገው፤ ተመርቆ ሄደ።

ያቺ ቅዳሜ ታንጉት ቀረች። "ጥርሴን አሞኛል፣ ባሕር ዳር ልታይ" ብላኝ በጠዋት ሄዳለች። ለጥርሷ ብዬ ቅርንፉድ ቋጥሬ ሰጥቻት ነበር፣ አይ እኔ! ከሰዓት ወደ ላይብረሪ ስገባ የርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ በሩ ላይ አገኘችኝና "እንኳን ደስ አለዎት እትዬ ውዴ፣ የታንጉት ዝውውር ባሕር ዳር ሆነላት አይደል? ዛሬ ልታስፈጽም ሄዳለች" አለችኝ። "አዎ፣ ነግራኛለች" አልኩ፣ ፈገግ ብዬ። ለካ ከስድስት ወር በፊት ነው ያመለከተችው። ስድስት ወር ሙሉ ከኔ ሰሃን እየበላች! ዛሬ ሳስበው ፈርታኝ ይሆናል፣ ወይ አሳዝኛት ይሆናል። ያኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥላኝ ልትሄድ ነው፣ ሳትነግረኝ ደግሞ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ምናለና ጋሽ ፈንታ ይጠብቁኛል። "ወንዝ ደረሳችሁ" አልኩ። "ውሃው ሞልቷል። ሁለታችሁ ተሻገራችሁ። አያ ደሴ ጋሪውን ይዞ ከኋላ ገባ።"

"ታንጉት የለችም እኮ" አለ ጋሽ ፈንታ። "ሰውየው ማዶ ይቆይ።"

"ውሃ የሰው መቅረት አይጠይቅም" አልኩና እጄን ጣሳው ውስጥ ሰደድኩ። የወጣው ስንጥር አስራ ዘጠኝ ነበር። ከአስራ ዘጠኝ ጋር ጋሪ ቀርቶ ቤት ይሻገራል። ስንጥሩን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩና "ሁለት" አልኳቸው። መልሼ ጣሳው ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ ተረክሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተርኬ አላውቅም። ጋሪው ሲገለበጥ፣ ልጓሙ እጁ ላይ ሲጠመጠም፣ ቦራ ሲያንኮራፋ፣ ሽማግሌው አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ሲል። ምናለ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ሳቁን ተወ። ጋሽ ፈንታ ባርኔጣውን አወለቀ። ስጨርስ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

"አሁን ምን ብለን ነው የምንነግራት?" አለ ምናለ። ያን ጊዜ የዝውውሯን ነገር ነገርኳቸው። ጋሽ ፈንታ አሰብ አደረገና ያን የፈረደበትን ነገር ተናገረ። "ልጅቷ ጉዳይ ላይ ናት፣ ልቧን አናድማት። ዝውውሯን ትጨርስ፣ መርዶውን በስንብቷ ቀን እንነግራታለን" አለ። ለሱ ቀልድም ነው፣ ደግነትም ነው፤ የአገሩ ወግ ነው፣ ከዚህ የተሻለ አያውቅም። ምን እንደሚያደርጋት የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። "አዎ፣ እንዲያ ይሻላል" አልኩ፣ ቶሎ ብዬ።

ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። እየመጣች ትቀመጣለች፤ እኔ "አያ ደሴ ለፈረሱ ገብስ ሊገዛ ገበያ ሄዷል" እላለሁ፣ በሱ ምትክ የጠጅ ቤት ሴት አድርጌ አጫውታታለሁ። "መቼ ነው የሚመለሰው እትዬ?" ትላለች። "ይመጣል፣ ምን አስቸኮለሽ?" ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ዝውውሯን እያለቀሰች ነገረችኝ፣ "እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ጨንቆኝ ነው" ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አነሳኋት፣ ሳምኳት፣ "ምን ችግር አለው ልጄ፣ እሰይ" አልኳት። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት። ቁርባኑን አሻግሬ አይቼ ተመለስኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ። "እትዬ፣ አያ ደሴን በደንብ ልሸኘው። ጥርባ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ጎጆ ይኑረው። አይሙት፣ በእርጅናም ቢሆን አይሙት። ቆሜ ደህና ሁን ልበለውና ልሂድ። አደራ።" የምትለውን በሁለት ገጽ ጽፋ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ በግድግዳው በኩል ስትለማመድ እሰማለሁ፤ አንዴ በራሷ ድምፅ፣ አንዴ በአባቷ። "በል እንግዲህ አባዬ፣ እኔ መሄዴ ነው" ትላለች። ጉሮሮዋን ትጠርግና "ሂጂ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ" ትላለች። ቀዝቃዛውን ውሃ ፊቴ ላይ እየረጨሁ እስክትጨርስ አዳምጣት ነበር።

የስንብቷ ቅዳሜ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች። የገብስ ቆሎ በሱፍ ቆልታለች፣ ለያንዳንዳችን ለስላሳ ገዝታለች። ከፌስታል ውስጥ ቡናማ ባርኔጣ አወጣችና ራሷ ላይ ደፋች። ማንም ራስ ላይ ያልዋለ ባርኔጣ ነው፣ አዲስነቱ ያስታውቃል። ወረቀቷን ዘረጋች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ታንጉት፣ እስቲ ቁጭ በይ" አልኳት።

"ቆሜ ይሻለኛል እትዬ።"

"አያ ደሴ አርፏል።"

ፈገግ እንዳለች ቀረች። "መቼ?"

"ዛሬ ሃያ ስምንት ቀኑ ነው። ወንዝ ወሰደው።"

ወደ ሁለቱ ዞረች። "ታውቁ ነበር?" ምናለ ጫማውን ያያል። ጋሽ ፈንታ፣ የዋሁ ሰውዬ፣ እጁን ዘርግቶ "ላንቺው ብለን ነው ልጄ" አላት። ከፊቷ ደሙ ሲወርድ አየሁት። ጋሽ ፈንታም አየው፣ ቀልዱ ቀልድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው፣ ግን ምን እንደሆነ አላወቀም።

"ማን ነበር አጠገቡ?"

"ማንም። ሰዎቹ ማዶ ነበሩ።"

"ምን አለ?"

እንግዲህ ተራኪ ያለችው ነው የሚሆነው። ጋሽ ፈንታ በዓይኑ ይለምነኛል፣ አንድ ደህና ቃል በይ ይለኛል። አንዲት ቃል ምን ነበረባት?

"ፈረሱን ጠራ" አልኳት። "አንቺን አልጠራም።"

አላለቀሰችም። ወረቀቷን አራት ቦታ አጠፈች፣ ባርኔጣውን አውልቃ ወደ ፌስታሉ መለሰች። ከዚያ ቆሎውን አነሳችና ዞረችን። "ጋሽ ፈንታ፣ ይውሰዱ እንጂ። ምናለ፣ እንካ።" እኔ ጋ ስትደርስ ሁለት እጄን አጋጥሜ ተቀበልኩ። ሞልታ ሰጠችኝ። ሰኞ ጠዋት ክፍሏን ጠርጋ፣ ቁልፉን ደጃፌ ላይ አስቀምጣ በሚኒባስ ሄደች።

ጋሽ ፈንታ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በኮሪደር ስንገናኝ "ደህና ዋሉ ወይዘሮ ውዴ" ይለኛል፤ እትዬ ቀረች። ምናለም ሚስት አገባና ወደ አገሩ ተመለሰ። ላይብረሪውን አፍርሰው አዲስ ሠርተውታል፣ ኮምፒዩተር ገብቶበታል፣ ኔትወርኩ አሁን በየትኛውም መስኮት ይገኛል። ባርኔጣ አሁን የሚያደርግ ሽማግሌም እየቀነሰ ነው፤ ሁሉም ኮፍያ ነው። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ክፍሏን አላከራየሁትም፤ ድንች አስቀምጥበታለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ደውላለች፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ። ድምጿ ወፍሯል። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ መውለዷን ነገረችኝ፣ ዝናቡን አወራን። ከዚያ "እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይስቁብኝ" አለች።

"ጠይቂ ልጄ።"

"ያኔ አያ ደሴን ውሃ ሲወስደው፣ ፈረሱን ብቻ ነው የጠራው ያሉኝ... ሌላ ምንም አላለም? ያዩት እርስዎ ነዎት ብዬ ነው።"

በዚህ ዓለም ላይ ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። "ጠርቶሻል፣ ሦስት ጊዜ ጠርቶሻል፣ እኔ ነኝ በቅናት የደበቅኩሽ" ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እሱን ካልኩ አስራ ዘጠኙም ይወጣል፣ በግድግዳው በኩል የሰማሁትም ይወጣል። በዚያ ላይ አራት ዓመት አብልቻት የሄደችብኝ እሷ ናት።

"የትኛው አያ ደሴ?" አልኳት።

ከኋላዋ ሕፃን ሲነጫነጭ ይሰማኛል። "የጨዋታው እትዬ... የላይብረሪው" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ውይ፣ እሱን ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ። "እሱንማ ረስቼዋለሁ ልጄ። እርጅና እኮ ነው።"

"እውነትዎን ነው፣ ቆይቷል" አለች። ሌላ ነገር ልትል ስትጀምር ስልኩን ዘጋሁት።